ፖስታው የማን ነው?

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ፖስታ ይመጣል። ውስጡ ከሰውነት የወጣው ናሙና ተመርምሮ የተገኘው ውጤት አለ፤ ሐኪሞች የፓቶሎጂ ሪፖርት ይሉታል። ኬሞ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ጨረር ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? የትኛው መድኃኒት፣ ለስንት ዓመት? በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ወረቀት ነው።

ታዲያ ፖስታውን ማን ይቀበላል? ወንድም። ባል። የመጀመሪያ ልጅ። ይከፈታል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ አሜሪካ ላለች ነርስ ዘመድ ይላካል፣ ለአጎት ይነገራል፣ ለንስሐ አባት ይነገራል። ሁሉም ጋ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ የማይደርሰው ናሙናው ከሰውነቷ የወጣው ሴት ጋ ብቻ ነው።

ይህ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በበሽታው እንደተያዙ ገምቷል። ብዙዎቹ ሃምሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉና ቤት የሚያስተዳድሩ ናቸው። በየዓመቱ የጡት ካንሰር ወር ሲመጣ ሮዝ ሪባን ይታሰራል፣ "ጡትሽን ፈትሺ" ይባላል፤ ደግ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስለሚመጣው ወረቀት ግን የሚናገር የለም።

🔸 የአንድ ቤተሰብ ነገር

ስማቸው ይቅር። የ51 ዓመት መምህርት ናቸው፤ ከ25 ዓመት በላይ ጠመኔ ይዘው የኖሩ። በግራ ጡታቸው ላይ ያገኙትን እብጠት "ይጠፋል" ብለው አልተኙበትም። አዲስ አበባ መጥተው ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከብብታቸውም ንፍፊቶች ተወሰዱ። ታናሽ ወንድማቸው ናሙናው ያለበትን ዕቃ በፌስታል ይዞ፣ በታክሲ ወደ ግል ላብራቶሪ አደረሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ሊቀበል የሄደውም እሱው ነበር።

ወረቀቱ ሁለት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ወንድምየው ኮሌጅ የበጠሰ ሰው ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ግን የገባው ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። "ካርሲኖማ" ይላል። "ግሬድ 2" ይላል። ከታች ደግሞ "ኢስትሮጅን ሪሴፕተር፦ ፖዘቲቭ፣ 90 ፐርሰንት"፣ ቀጥሎም "ፕሮጄስትሮን ሪሴፕተር፦ ፖዘቲቭ፣ 60 ፐርሰንት" ይላል።

በዚህ አገር "ፖዘቲቭ" የሚለው ቃል የራሱ ታሪክ አለው። መድኃኒቱ ባልነበረበት በዚያ ክፉ የኤችአይቪ ዘመን "ፖዘቲቭ ነው" ማለት የሞት ፍርድ ነበር፤ "ነጌቲቭ" ማለት ደግሞ እልልታ። ኮቪድ ሲመጣ ያው ትርጉም ታደሰ። ስለዚህ ወንድምየው "90 ፐርሰንት ፖዘቲቭ" ሲል ያነበበው በሽታው የእህቱን ሰውነት ዘጠና በመቶ እንደያዘው አድርጎ ነው። "ግሬድ 2" የሚለውንም "ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል" ብሎ ተረጎመው። የላብራቶሪው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ የእህቱን ልጅ ደወለላት። ሁለቱ ተማከሩ፤ ወሰኑም። "ለእማዬ አይነገራትም።"

ለመምህርቷ የተነገራቸው እንዲህ ነው፦ "ንጹሕ ነው ተብሏል፤ ሁሉም ወጥቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ሐኪሙ ጋ በቀጠሮው ቀን ቀድመው የገቡት ወንድምና ልጅ ናቸው። "ዶክተር፣ እባክዎ እንዳይነግሯት፤ ልቧ አይችልም" አሉ። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ ሞልቷል። ሐኪሙ ታሞክሲፈን የተባለውን ክኒን አዘዘ፤ በየቀኑ፣ ለአምስት ዓመት። እቤት ሲደርሱ ክኒኑ ስም ወጣለት፦ "ቫይታሚን ነው፤ ለቁስሉ ማጠናከሪያ።"

መምህርቷ ለአራት ወር ዋጡ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ሙቀት ይለቅባቸው፣ ላብ ያጠምቃቸው፣ እንቅልፍ ይነሳቸው ጀመር። እነዚህ የታሞክሲፈን የታወቁ የጎንዮሽ ጠባዮች ናቸው። እሳቸው ግን የሚያውቁት ቫይታሚን እንደሆነ ነው። "ቁስሌ ድኗል፤ ቫይታሚኑም አልተስማማኝም" ብለው ተዉት። ልጆቹ እንዳይጨነቁ ብለውም ለማንም አልተናገሩም። ቤተሰቡ ከእሳቸው ደበቀ፤ እሳቸውም ከቤተሰቡ ደበቁ። ሁሉም የደበቀው በፍቅር ነው።

ከአምስት ወር በኋላ ለክትትል ሲሄዱ ሌላ ወጣት ሐኪም አገኛቸው። "መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው አይደል?" አላቸው። "የቱን? ቫይታሚኑን?" አሉት።

እውነቱ የወጣው በዚያች ጥያቄ ነው። መምህርቷ አልጮኹም፣ አልወደቁም። ልባቸውም ቻለ። ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሩብ ክፍለ ዘመን የሰው ልጅ ካርድ ሳነብ ኖሬ፣ የራሴን ካርድ ሌላ ሰው ያነብልኛል?" ወረቀቱ ይምጣ አሉ። አንዲት ነርስ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቃል በቃል አስረዳቻቸው። መድኃኒቱንም በዚያው ሳምንት እንደገና ጀመሩ። ያለ መድኃኒት ያለፉትን አምስት ወራት ግን የሚመልስላቸው የለም።

🔸 ወረቀቱ ምን ይል ነበር?

ነርሷ ያስረዳችው በየትኛውም የጡት ካንሰር ፖስታ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

1. ዓይነቱ። የመምህርቷ ወረቀት "ወራሪ" የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነበረበት። ቃሉ ያስደነግጣል። ሆኖም በሽታው ሰውነትን ወረረ ማለት አይደለም፤ ከተነሳበት የወተት ቱቦ ግድግዳ አልፎ በዙሪያው ወዳለው የጡት ሥጋ ገብቷል ማለት ነው። ገና ከቱቦው ያልወጣ ከሆነ ወረቀቱ "ኢን ሲቱ" ይላል፤ ባለበት ያለ እንደ ማለት።

2. መጠኑ። የእሳቸው ዕጢ 22 ሚሊ ሜትር ነበር። እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያለው "ቲ 1" ይባላል፤ ከ20 በላይ እስከ 50 "ቲ 2"፤ ከ50 በላይ "ቲ 3"። ቆዳን ወይም የደረትን ግድግዳ ከያዘ መጠኑ ምንም ቢሆን "ቲ 4" ነው።

3. ግሬዱ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግሬድና ስቴጅ አንድ አይደሉም። ስቴጅ በሽታው ምን ያህል ርቀት እንደሄደ ይናገራል፤ ግሬድ ደግሞ የሕዋሱን ጠባይ። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ሦስት ነገር ያያል፦ ሕዋሳቱ ጤነኛ ቱቦ የመሥራት ችሎታቸው ምን ያህል ቀርቷል? የውስጥ ፍሬያቸው መልኩ ምን ያህል ተለውጧል? በምን ፍጥነትስ ይባዛሉ? ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ግሬድ 1፣ 6 ወይም 7 ከሆነ ግሬድ 2፣ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ነው። ስለዚህ ዕጢው ትንሽ ሆኖ ግሬዱ 3፣ ትልቅ ሆኖ ግሬዱ 1 ሊሆን ይችላል።

4. ንፍፊቱ። የመምህርቷ ወረቀት "0/13" ይላል። ከብብት ከተወሰዱት 13 ንፍፊቶች በአንዱም ካንሰር አልተገኘም ማለት ነው። ወንድምየው ይህችን ቁጥር አይቶ አልፏታል። ከወረቀቱ ሁሉ ትልቁ የምሥራች ግን እዚያች ላይ ነበር። በስተግራ ያለው ቁጥር ከ1 እስከ 3፣ ከ4 እስከ 9፣ ወይም 10 እና ከዚያ በላይ መሆኑ ሕክምናውን ይለውጠዋል።

5. ዳርቻው። የወጣው ሥጋ ዳር ዳሩ በቀለም ይቀባል። ከዚያ ቀለሙ ላይ የካንሰር ሕዋስ አለ ወይ ተብሎ ይታያል። ከሌለ "ማርጂን ነጌቲቭ" ይባላል፤ ይህኛው ነጌቲቭ ጥሩ ነው። ካለ ግን እንደገና መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

6. ተቀባዮቹ። ያ ያስለቀሰው "ፖዘቲቭ" ያለው እዚህ ነው። ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ፖዘቲቭ ማለት የካንሰሩ ሕዋሳት የሴት ሆርሞን የሚቀበሉበት በር አላቸው፤ በሆርሞኑ እየተረዱ ያድጋሉ ማለት ነው። በር ካላቸው በሩን መዝጋት ይቻላል። ታሞክሲፈን የሚሠራው ይህንን ነው። "90 ፐርሰንት" የሚለውም ከተመረመሩት የካንሰር ሕዋሳት ዘጠና በመቶው በሩ አላቸው ማለት እንጂ ሰውነቱ ተያዘ ማለት አይደለም። 1 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ይባላል፤ 90 ሲሆን ግን መድኃኒቱ የመሥራት ተስፋው ትልቅ ነው። እንዲህ ያሉ ሴቶች ታሞክሲፈንን ለአምስት ዓመት ሲወስዱ በ15 ዓመት ጊዜ ውስጥ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ የብዙ ሺህ ሴቶች ጥናት አሳይቷል። በሩ ለሌላቸው ግን ክኒኑ አይጠቅምም።

7. ሄር 2። ይህ ፕሮቲን ከበዛ ካንሰሩ በፍጥነት የማደግ ጠባይ ይኖረዋል። ውጤቱ 0 ወይም 1+ ከሆነ ነጌቲቭ፣ 3+ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው። 2+ ከሆነ ግን መልሱ ገና አልታወቀም፤ ተጨማሪ የጂን ምርመራ ይፈልጋል። ለፖዘቲቭ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ለብዙ ኢትዮጵያዊት ግን ዋጋው ሰማይ ነው። የመምህርቷ ውጤት 1+ ነበር።

"ነጌቲቭ" ሁሉ እልል የሚያስብል እንዳይመስል ደግሞ አንድ ነገር ይጨመር። ኢስትሮጅን ነጌቲቭ፣ ፕሮጄስትሮን ነጌቲቭ፣ ሄር 2 ነጌቲቭ ሲሆን "ትሪፕል ነጌቲቭ" ይባላል። ስሙ ሦስት እልልታ ይመስላል። ትርጉሙ ግን የሆርሞን ክኒኑም የሄር 2 መድኃኒቱም አይሠሩም፣ ዋናው መሣሪያ ኬሞ ነው፣ ጊዜ አይሰጥም ማለት ነው። ይህን ወረቀት ይዞ "ሦስቱም ነጌቲቭ ነው" ብሎ ተደስቶ ቀጠሮ ያሳለፈ ቤተሰብ ስንት ይሆን?

እንግዲህ የመምህርቷን ወረቀት መልሶ ማየት ነው። ዕጢው መካከለኛ፣ ንፍፊቱ ንጹሕ፣ ዳርቻው ንጹሕ፣ በሩ የታወቀ፣ መድኃኒቱ ርካሽ። ወንድምና ልጅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ያለቀሱት በምሥራች ላይ ነበር። ከእናታቸው የደበቁትም መርዶ አልነበረም፤ ተስፋ ነበር።

🔸 ከወረቀቱ የጎደለስ?

ሁሉም ፖስታ እንደ መምህርቷ የተሟላ አይደለም። የተቀባዮቹ ምርመራ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ለብዙ ቤተሰብም ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ "ካንሰር ነው፣ ግሬዱ ይህ ነው" ብሎ የሚያቆም ወረቀት ብዙ ነው። በዚህን ጊዜ ሐኪሙ በግምት ያዝዛል። ለአንዷ የማይጠቅማት ክኒን ለዓመታት ይሰጣታል፤ ሌላዋ የሚያድናትን ክኒን ሳታገኝ ትቀራለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ናሙናው ከተመረመረ በኋላ አይጣልም። በሰም ተደርጎ በትናንሽ ብሎኮች ይቀመጣል። ገንዘብ ሲገኝ፣ ሌላ ላብራቶሪ ሲገኝ፣ ሁለተኛ አስተያየት ሲፈለግ ያንኑ ብሎክ ጠይቆ ማስመርመር ይቻላል። ሌላ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም። መጠየቅ ብቻ ነው።

ሌላው ያ በፌስታል የሚጓዘው ዕቃ ነው። ናሙናው ከሰውነት በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በቂ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ መቆየት አለበት። ፎርማሊኑ ካነሰ፣ ወይም ናሙናው ሳይነከር ካደረ፣ ያለው በር እንደሌለ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ፖዘቲቩ ነጌቲቭ ይሆናል። አንድ ወንድም በታክሲ የሚያመላልሰው ዕቃ የእህቱን የአምስት ዓመት ሕክምና ይዟል። ይህን ሸክም ግን ማንም አስረድቶ አልሰጠውም፤ "ይህን ውሰድና አስመርምር" ተብሎ ብቻ ነው የተላከው።

🔸 መርዶና ውጤት

ቤተሰብ ለምን ይደብቃል? ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ክፉ ወሬ ለብቻ፣ በድንገት፣ በስልክ እንዳይነገር ባህሉ ያስተማረው ነው። መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ የቅርብ ሰው በተሰበሰበበት ይነገራል። ይህ ጥበብ ነው፤ ሊናቅ አይገባም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ተረስቷል። አንደኛው፣ መርዶ የሚነገረው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የፓቶሎጂ ውጤት ግን ነገሩ ገና ሳያልቅ የሚመጣ ነው፤ የሚሠራ ሥራ አለው፤ ሠሪዋም ራሷ ታማሚዋ ናት። ክኒኑን በየማለዳው የምትውጠው እሷ እንጂ ወንድሟ አይደለም። "ድነሻል" የተባለች ሴት ሌሊቱን እያላባት አምስት ዓመት ሙሉ ክኒን የምትውጥበት ምን ምክንያት አላት? በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ሠልጣኝ ነርሶች ስለ በሽታውና ስለ ክኒኑ ያስረዷቸውና የተከታተሏቸው ሴቶች መድኃኒቱን ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ቀጥለዋል። ማስረዳት ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ሁለተኛው፣ ባህሉ መርዶን ለዘላለም ደብቁ አይልም። እንዴት እንደሚነገር ነው ያስተማረው። ማን ይንገር? መቼ? ማን አጠገብ ይሁን? ይህንኑ ጥበብ ለውጤቱ መጠቀም ይቻላል። የምታምነው ሰው አጠገቧ ይቀመጥ፤ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ያስረዱ፤ አንዴ ካልበቃ ሁለቴ ይሁን። "ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?" ተብላ እሷው ትጠየቅ። "ዝርዝሩን ለልጄ ንገሩልኝ" ካለችም መብቷ ነው። ልዩነቱ የወሰነችው እሷ መሆኗ ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። ተረቱ ታማሚውን ይወቅሳል፤ ዛሬ ግን ደባቂው አስታማሚው ሆኗል።

🔸 ምን ይደረግ?

ለቤተሰብ፦ ፖስታውን ስትቀበሉ በራሳችሁ አትተርጉሙት። "ፖዘቲቭ" እና "ነጌቲቭ" እዚህ ወረቀት ላይ እንደየቦታቸው ትርጉማቸው ይለያያል። ሳያስረዷችሁ አታልቅሱ፤ ሳያስረዷችሁም እልል አትበሉ። ኮፒውንና የብሎኩን ቁጥር አስቀምጡ።

ለታማሚዋ፦ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘሽ ግቢ። ዓይነቱ ምንድን ነው? ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ግሬዱስ? ከስንት ንፍፊት ስንቱ ተያዘ? ዳርቻው ንጹሕ ነው? ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ሄር 2 ተመርምረዋል? ካልተመረመሩ የት ይመረመሩ? በዚህ ውጤት መሠረት ቀጣዩ ሕክምና ምንድን ነው፣ ለስንት ጊዜ?

ለሐኪሞች፦ የሰው ብዛትና የጊዜ እጥረት የታወቀ ነው። ሆኖም ኮሪደር ላይ ለወንድም የተነገረ ውጤት ለታማሚዋ እንደተነገረ አይቆጠርም። ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው የሠለጠነች ነርስ ትመደብ።

ለጤና ሚኒስቴርና ለላብራቶሪዎች፦ የእንግሊዝኛው ሪፖርት ለሐኪሙ ይሁን። ከጀርባው ግን አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች፣ ሰባቱን ነጥቦች የሚያስረዳ ቅጽ ማያያዝ ምን ያህል ያስወጣል? ማሽን አይጠይቅም፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። የተቀባዮቹ ምርመራ በመንግሥት ሆስፒታሎች እንዲዳረስ ማድረግ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ያለ ምርመራ በግምት መድኃኒት ማዘዝ ግን ከዚያም በላይ ያስከፍላል፤ የሚከፈለውም በሰው ሕይወት ነው።

የናሙናው ዕቃ ላይ የተለጠፈው ስም የእሷ ነው። ብሎኩ ላይ፣ ወረቀቱ አናት ላይ ያለውም ስም የእሷ ነው። ፖስታው የማን እንደሆነ ለማወቅ ስሙን ማንበብ ይበቃል።

ይህን ፖስታ ዛሬ በእጁ የያዘ ሰው ካወቃችሁ አጋሩት።